እትዬ ጠጋ በሉ እና የሌለችው ዳክዬ

ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ወሬ መለወጥ ይቀናኛል። የሌለ ነገር እስላለሁ ብል ያፌዙብኛል፤ እናቴ ራሷ ለጎረቤት ስታስረዳ "የቢሮ ሥራ ነው" ብላ ነው የምትገላገለው። እውነቱን ለመናገር ሥራዬ ለእኔም ግራ የሚገባኝ ጊዜ አለ። ሰዎች በእውነተኛ ቤት፣ በእውነተኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊልም ይቀረጻሉ፤ አጠገባቸው ግን ለእኔ ባዶ ቦታ ይተዋል። ቀረጻው ካለቀ በኋላ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አጎንብሼ፣ በእርሳስ፣ አንዱን ሥዕል ከሌላው በጥቂት በጥቂቱ እየለወጥኩ፣ በዚያ ባዶ ቦታ የሚራመድ፣ የሚያኮርፍ፣ የሚተኛ ነገር አስገባለሁ። ተመልካቹ ሰውየውና ሥዕሉ ሲጨዋወቱ ያያል። ሰውየው ሲቀረጽ ግን የሚያወራው ከአየር ጋር ነበር።

ስለዚህ እኔ የምኖረው በሰው ዓይን ነው። ሰውየው ያየበት ቦታ ላይ ካልሳልኩ ሥዕሌ ሜዳ ላይ ይቀራል። የስንቱን ዓይን እንዳየሁ አትጠይቁኝ፤ የእትዬ ጠጋ በሉን ያህል ያደናበረኝ ግን የለም።

እትዬ ጠጋ በሉ የከተማ አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ከበሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ሆና "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ መሀሉ ባዶ ነው" ስትል ስለኖረች ስሟን ሰው ረስቶት ይኸው ቀረባት። ባሏ የዚያው አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። እሷ በሳንቲም ብረቱን ሁለቴ ስትመታ ይነዳሉ፣ አንዴ ስትመታ ያቆማሉ። ሁለቱም ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። እሷን አንቺ፣ እሳቸውን እርስዎ የምለው ንቄያት አይደለም፤ ገና በተዋወቅን ቀን አንቱ ብላት "አውቶቡስ ላይ አንቱታ የለም፤ ቦታ ይይዛል" ብላ ከልክላኛለች።

በሥራዋ ዘመን አንድ እምነት ነበራት ይባላል፦ ቦታ የያዘ ሁሉ ይከፍላል፣ ቦታ ያልያዘ እንደሌለ ይቆጠራል። ልጅ ታቅፋ የገባች እናት "ጭኔ ላይ ነው" ስትላት ትተዋታለች፤ ቦርሳውን ወንበር ላይ ያስቀመጠ ጌታ ግን ወይ ያነሳል ወይ ለቦርሳው ቲኬት ይቆርጣል። ዓለምን እንዲህ አድርጋ ለሁለት ከፍላ በሰላም የኖረች ሴት ናት። ችግሩ የመጣው እኛ ጋ ስትመጣ ነው።

ዳይሬክተራችን ያገኛት ፋርማሲ በር ላይ ነው። ሰልፍ ጥሶ የገባ ጎረምሳ ትከሻ ይዛ "ይሄ ሰልፍ ጅራት አለው፤ ዞር በልና ጅራቱን ፈልግ" ስትለው ሰምቶ፣ መድኃኒቱን ሳይገዛ ተከትሏት ሄደ። የፊልሙ ታሪክ እንዲህ ነበር፦ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ቤት ከግድግዳ ካላንደር ላይ አንዲት የተሳለች ዳክዬ ወርዳ ትገባለች፤ መጀመሪያ ይጣላሉ፣ ቀስ በቀስ ይለማመዳሉ። አሮጊቷ እሷ፣ ዳክዬዋ የእኔ ናት። "ለዳክዬ መጮህማ ምን ያቅተኛል፣ ለከተማው ሁሉ ስጮህ ኖሬ" ብላ ተስማማች።

የመጀመሪያው ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ነበርን። እኔ ቢጫ ኳስ የተሰካባት ዘንግ ይዤ ጠረጴዛው ጎን ቆሜያለሁ፤ ኳሷ የዳክዬዋ ጭንቅላት መሆኗ ነው። እትዬ ጠጋ በሉ ኳሷን እያየች ስትቆጣ፣ ዳቦ ስትከለክላት፣ ሁላችንም ሳቅ ማፈን አቃተን። ዳይሬክተሩ እጁን አፋተገ። ከዚያ ልምምዱ አለቀና እንደ ደንቡ ኳሷን ከቦታዋ አነሳሁ፤ ካሜራው ተከፈተ።

ቃሏን አልሳተችም። ድምጿም ያው ነበር። ዓይኗ ግን ሄደ። ሰው ቅርብ ያለ ነገር ሲያይ ሁለት ዓይኖቹ ትንሽ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ሩቅ ሲያይ ይለያያሉ። እናንተ በየቀኑ አይታችሁ የምታልፉት ነገር ነው፤ ለእኔ ግን መተዳደሪያዬ ነው። ኳሷ ስትነሳ የእትዬ ጠጋ በሉ ዓይን ዳክዬዋ ልትኖርበት የሚገባውን ቦታ አልፎ ከኋላ ያለው ግድግዳ ላይ አረፈ። እዚያ ዳክዬ ብስል ሴትዮዋ በዳክዬዋ አሻግራ ግድግዳ የምታይ ትመስላለች። ዳክዬዋም የመስኮት መስታወት ሆነች ማለት ነው።

"እትዬ፣ ዳክዬዋን እያት" አላት ዳይሬክተሩ።

"የቷን?"

"እዚህ ጋ ያለችውን።"

"እዚህ ጋ ያለው ጠረጴዛ ነው።"

"አለች ብለሽ አስቢ።"

"አሰብኩ። አስቤም የለችም።"

ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግንላት፤ ምልክቱን አፍጥጣ አየችው፣ ዓይኗ ግን የዳክዬዋ እግር ላይ ስለወረደ ዳክዬዋ አንገቷ የተቆረጠ መሰለች። ከጣሪያው ክር አንጠለጠልን፤ ክሩ ተወዛወዘና የእትዬ ዓይንም አብሮ ተወዛወዘ። ደጋግመን ደክመን፣ ነገሩ ውሃ ወቀጣ መሆኑን ሁላችንም ስናውቅ፣ ሽርጧን ፈታች።

"ልጆቼ፣ አትቀየሙኝ" አለች። "የሌለ ሰው እቤቴ ሞልቶልኛል። ለዚህ ብዬ ደግሞ ከቤት አልወጣም።"

ምን ማለቷ እንደሆነ ማናችንም አልገባንም። መብራት ያዡ ተናዳ ነው አለ፣ ዳይሬክተሩ አፍራ ነው አለ። እኔ ሁለቱም አልመሰለኝም፤ ምን እንደመሰለኝም አላወቅኩም። ሌላ አሮጊት እንፈልግ ሲባል ዳይሬክተሩ አሻፈረኝ አለና ወደ እኔ ዞረ። "ዓይን የአንተ ጉዳይ ነው፤ ሂድና አለማምዳት።" ኳሴን በፌስታል አንጠልጥዬ ቤቷ ሄድኩ።

ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው። በዳንቴል የተሸፈነ ሶፋ፣ ከእሱ ፊት ለፊት አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር፣ መሀል ላይ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሦስት የሻይ ብርጭቆ። ቤት ውስጥ ያሉት ግን ሁለት ናቸው። ጋሼ ሾፌሩ ከወንበራቸው ተነስተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፤ ጺማቸውን የተላጩ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞር ብለው "እመቤት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ለእንግዳውም ሻይ ይገኝ ይሆን?" አሏት። የሽማግሌ ባልና ሚስት ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። የሳቅኩት ብቻዬን ነበር።

ወጥ ቤት ስትገባ ተከተልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ብርጭቆ እያለቀለቀች ነገረችኝ።

"አያውቀኝም" አለች። "ሌላውን ሁሉ ያውቃል፤ ፌርማታውን በተራ ይጠራልሃል። እኔን ነው የማያውቀኝ። ዕድሜ ልኩን 'አንቺ' ሲለኝ የኖረ ሰው አሁን እግዜር ይስጥልኝ እያለ ያመሰግነኛል። ሲመሽ ደግሞ 'አይመሽብዎትም? ቤትዎ ሩቅ ነው?' ይለኛል። ወደ ቤትሽ ሂጂ ማለቱ ነው፣ በጨዋ ደንብ።"

"እና ምን ትይዋለሽ?"

"ምን እላለሁ? 'ትንሽ ሥራ ቀርቶኛል' እለውና ቁጭ እላለሁ።" ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስታ አየችው፤ ንጹሕ ነበር፣ እንደገና አጠበችው። "አንድ ቀን በሳንቲም ጠረጴዛውን ሁለቴ መታሁለት። ቀኝ እግሩ ነዳጅ ሊረግጥ ተነሳ። እግሩ አወቀኝ፤ እሱ ግን ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ይሄ አንሶ ደግሞ ሶፋው ጥግ ላይ ከሌለ ሰው ጋር ሲያወራ ይውላል። ሻይ ይቀዳለታል። ያለ ቲኬት የተሳፈረውን ያውቃል፣ እኔ ያለሁትን አያውቅም። ልጄ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ማን እንደሆንኩ ይወቀኝ። ከዚያ በኋላ ቢረሳኝም ይርሳኝ።"

አንጀቴን በላችው። በሩ ላይ ቆሜ ወደ ሳሎን አየሁ።

ጋሼ ወደ ሶፋው ዘንበል ብለው በለሆሳስ ያወራሉ። ልማድ ክፉ ነው፤ የሰው ሐዘን ፊት ቆሜ ሥራዬን ጀመርኩ። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ አልሄደም። የሶፋው መደገፊያ ላይም አልደረሰም። ከመደገፊያው ወደዚህ መለስ ብሎ፣ ሰው ቢቀመጥ ፊቱ በሚሆንበት ቦታ ላይ ቆሟል። ያ ሰው ወደ ጎን እንደተጋደመ ሁሉ ዓይናቸው ወደ ጎን ዝቅ አለ፤ ቆይቶ ተመለሰ። እንዲህ ያለውን ከስንት ተዋናይ ለምኜ አላገኘሁም።

"በትክክል ነው የሚያዩት" አልኩ፣ ሳላስበው።

"ምን አልክ?"

"ዓይናቸው አያልፍም። እዚያ ነው የሚቆመው።"

"ባሌ ታሞብኝ አንተ ታደንቃለህ?"

የያዘችውን ብርጭቆ ትወረውርብኛለች ብዬ ሰጋሁ። ግን መጥታ አጠገቤ ቆመች። ፌስታሌን እንዳንጠለጠልኩ ስለ ዓይን አስረዳኋት፤ የእሷ የት እንደሚሄድ፣ የሳቸው የት እንደሚቆም። ብዙ አየቻቸው። ባሏን ሳይሆን ባሏ የሚያዩበትን መንገድ ስታይ ያ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

"ታዲያ ሰው አለ ማለት ነው?" አለችኝ።

"የለም።"

"ታዲያ?"

"ዓይናቸው ግን አለ ነው የሚለው።"

"ልጄ፣ አንተ ራስህ ጠፍቶብህ ነው እኔን መንገድ ልታሳይ የመጣኸው" አለች። እውነቷን ነበር። ለመሆኑ የሚቀመጠው ማን ይሆን ብዬ ስጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች። "እኔ ምን አውቄ። 'ማንም የለም' እለዋለሁ እንጂ ማን ነው ብዬው አላውቅም። ብጠይቀው አመንኩለት ማለት አይደል? አብረን ልናብድ ነው?" ያን ቀን ኳሴ ከፌስታሉ ሳትወጣ ተመለሰች።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ባሏን ጎረቤት እንዲጠብቅላት አድርጋ፣ ሳትጠራ መጣች። ዳይሬክተሩን አልፋው ቀጥ ብላ ወደ እኔ።

"ስለ ዳክዬዋ ንገረኝ" አለች።

"ነጭ ናት፣ ቁመቷ እስከዚህ..."

"እሱን ኳሱ ነግሮኛል። ጠባይዋን ነው የምልህ። ስትቀመጥ ትከብዳለች? ሲደክማት በየትኛው እግሯ ትቆማለች? ሰው ሲያያት ታፍራለች ወይስ መልሳ ታፈጣለች?"

የዳክዬዋን ክንፍ ላባ በላባ አጥንቻለሁ፤ ጠባይ እንዳላት ግን አስቤ አላውቅም። እዚያው ቆሜ እየፈጠርኩ መለስኩላት፤ ቀላል ናት፣ በግራ እግሯ ትቆማለች፣ መልሳ ታፈጣለች። "ባለጌ ናት በለኛ" አለችና ሽርጧን አሰረች።

ኳሷን አነሳሁ። ካሜራው ተከፈተ። ዓይኗ ቆመ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ማንም በሌለበት፣ ልክ ዳክዬዋ አንገቷን በምትቀስርበት ቦታ። በኋላ እንዴት እንዳደረገችው ስጠይቃት "እኔ አላየኋትም፤ እሱ እንደሚያደርገው ጠበቅኳት" አለችኝ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኝም ነኝ፣ ወረቀትም አለኝ፣ እስካሁን ይዤው አለሁ።

በአንደኛው ትዕይንት እሷ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ልትቀመጥ፣ ዳክዬዋ ደግሞ መሬት ላይ ልትቆም ነበር የተጻፈው። ተቀመጠች፤ ወደ መሬቱ ዝቅ ብላ አየች። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ወደ ጎን ሸሸት ብላ ቦታ ለቀቀች። ዳይሬክተሩ ቁም ማለት ረሳ። እኔም ዳክዬዋን ወንበሩ ላይ ማውጣት ግድ ሆነብኝ፤ ለዚያች አንዲት ዝላይ ስንት ወረቀት እንደጨረስኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

ቀረጻው አልቆ ሁሉም ወደየቤቱ ሲሄድ እኔ ለወራት ከዓይኗ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። እየሳልኩ ሳለ አንዳንዴ እርሳሴን አስቀምጬ ቆም እላለሁ። ዳክዬዋን የሠራኋት እኔ ነኝ ወይስ እሷ? እኔ የምሄደው እሷ ባየችበት ነው፤ እሷ ያየችው ደግሞ ባሏ ባስተማሯት ነው፤ ባሏ የሚያዩት ማንን እንደሆነ ማንም አያውቅም። እዚህ ላይ ስደርስ ራሴን ያመኝና መብራቱን አጥፍቼ እወጣለሁ።

ጥቂት ትዕይንቶች እንዳለቁ በላፕቶፕ ይዤ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። በሩ ላይ ክንዴን ይዛ ወደ ጎን ሳበችኝ። ፀጉሯን ተሠርታለች፤ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። "ምናልባት እዚያ ውስጥ ሲያየኝ..." አለችና አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም። ያን ጊዜ ብቻ የያዝኩት ዕቃ ከበደኝ፤ ዞሬ ልመለስም አሰብኩ።

ላፕቶፑን ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩት። ጋሼ ዳክዬዋን ሲያዩ ቅንጣት አልገረማቸውም። ከካላንደሩ ስትወርድ "ቀስ በይ፣ ቀስ" አሏት። ዳቦ ስትሰርቅ እንባ እስኪያቀርሩ ሳቁ። እትዬ ጠጋ በሉ አጠገባቸው ተቀምጣ የምታየው ስክሪኑን ሳይሆን እሳቸውን ነበር። የአግዳሚው ወንበር ትዕይንት ደረሰ። በስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ቦታ ለቀቀች፣ ዳክዬዋ ዘላ ወጣች። ጋሼ መሳቃቸውን ተዉ። ወደ ስክሪኑ ቀረብ ብለው አተኮሩ።

"ይህቺ ሴትዮ" አሉ፣ "ደግ ሰው ትመስላለች። ማን ናት?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ላፕቶፑን ዘጋሁት። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጮኸችም። ፊቷ ላይ የነበረው ንዴት አይደለም፤ ፌርማታው ያለፈው ሰው ፊት ነበር። አዲሱን ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ዘረጋጋችው። ከዚያ በጣቷ ወደ ሶፋው ጥግ አመለከተች።

"እዚያስ ጋ ማን ነው?" አለች።

ጋሼ ደነገጡ። ምስጢሩ የተነካበት ልጅ መሰሉ። "ታይዎታለች?"

"የእኔ ዓይን ደክሟል። አንተ ንገረኝ። ቁመቷ ምን ያህል ነው?"

"ከትከሻዬ ዝቅ ትላለች። አሁን ግን ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከሥሯ አጥፋለች፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውላ ነው።"

"ምን ለብሳለች?"

"አረንጓዴ ሹራብ። እጅጌው ረዝሞባት ጠቅልላዋለች። ፀጉሯን በላስቲክ ነው ያሰረችው፤ የቲኬት ጥራዝ በሚታሰርበት ላስቲክ።" ፈገግ አሉ። "ማታ ጥራዙን ስታስረክብ ከራሷ ላይ ፈትታ ታስርበታለች። እንዳየኋት አታውቅም።"

እትዬ ጠጋ በሉ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የተናገረችው ለእኔ ነው፤ ወደ እኔ ግን አላየችም።

"ሹራቡ የእህቴ ነበር" አለች። "ሥራ በጀመርኩ ዓመት ብርድ ሲመታኝ ያዋሰችኝ። እህቴ ከእኔ ትረዝማለች።"

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ይህን ሁሉ ወር "ማንም የለም" እያለች ስትጣላ የከረመችው ከራሷ ጋር ነበር። ባሏ አልረሷትም። ይህቺን ሽበታም ሴትዮ ነው የማያውቁት እንጂ እሷንማ ሻይ እየቀዱ ሲያጫውቷት ነው የሚውሉት። ታዲያ ይሄ ማወቅ ነው ወይስ አለማወቅ?

"ደስ ይበለኝ ወይስ ልቅና?" አለችኝ በቀስታ። "ንገረኝ እንጂ፤ ያለውንና የሌለውን ለይቶ አዋቂው አንተ አይደለህ?"

ጋሼ ይህን አልሰሙም። ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ፤ ሶፋው ላይ ያለችው ልጅ እንዳትሰማ አፋቸውን በእጃቸው ከልለው ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ አንድ ነገር ላማክርዎት" አሉ። "ላገባት እፈልጋለሁ። እስካሁን አልነገርኳትም። ቁጡ ናት፣ እፈራታለሁ። ብጠይቃት እሺ የምትለኝ ይመስልዎታል?"

እትዬ ጠጋ በሉ ወደ ሶፋው ጥግ ዞረች። ዓይኗ የት ላይ እንደቆመ ማየት የእኔ ሥራ ነበር፤ እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

"መጀመሪያ እምቢ ትልሃለች" ስትላቸው ሰማሁ። "ከልቧ እንዳይመስልህ፣ ደንግጣ ነው። ሳምንት ቆይተህ መልሰህ ጠይቃት፤ እሺ ትልሃለች።"